ሮቶው የማን ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ከአዳማ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚባለው ከየት ጀምሮ የት ድረስ ነው? የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በዚች ከተማ ቤት የገዛ ሰው ሁሉ ያልፍበታል።

ጥያቄ

*የተከበሩ የሕግ ዓምድ አዘጋጅ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ ሹፌር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዕቁብ ጥለን፣ ከዘመድም ተበድረን አዳማ ቦኩ አካባቢ ቤት ገዛን። ሦስት ክፍል ዋና ቤት፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ማንጎና አንድ ኒም አለ። ስናየው በብረት ማማ ላይ ሮቶ ነበረው። ኪችን ካቢኔት፣ ቦይለር፣ ዲሽ፣ ሁሉም ነበር። ውሉን ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን፤ ስሙም ወደኛ ዞረ። ቁልፍ በተረከብን ቀን ግን ሮቶው የለም። ቧንቧው በመጋዝ ተቆርጧል። ካቢኔቱ ተነቅሎ ሴራሚኩ ረግፏል። የሰርቪሱ ሁለት በሮች የሉም። ማንጎው ገና ሳይበስል ተለቅሟል። ሻጩን ስንጠይቀው «የሸጥኩላችሁ ቤት ነው እንጂ ዕቃ አይደለም» አለ። ደላላው ደግሞ «ውሉ ላይ ሮቶ የሚል አለ?» ብሎ አፋችንን አስያዘን። እውነት ሕጉ እንዲህ ነው? — ሰ. ከአዳማ*

መልስ

እህቴ፣ አይዞዎት። ሕጉ እንዲህ አይደለም። ደላላው የጠየቀው ጥያቄ ግን የዋዛ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሕጋችን ዕቃን ሁሉ ለሁለት ይከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1126 ንብረት ወይ ተንቀሳቃሽ ነው ወይ የማይንቀሳቀስ ነው ይላል። ሦስተኛ የለም። አንቀጽ 1130 ደግሞ የማይንቀሳቀስ የሚባለው መሬትና ሕንፃ ነው ይላል። በጣም አጭር ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሕንፃ ሲባል ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው? በሩስ? መስኮቱስ? ጣሪያው ላይ ያለው ነገርስ?

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልንገርዎት። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ስንላት። አንድ ቀን ውርስ የሚካፈሉ ሁለት ወንድማማቾች አስጠሩት። ታላቅየው ቤቱ ደርሶታል፤ ታናሽየው የቤት ዕቃው። ታናሽየው የሳሎኑ የብረት መስኮት «በገንዘቤ ያሠራሁት ነው» ብሎ ሊነቅለው ፈለገ። እኔ ቱንቢውን ይዤለት ሄጄ ነበር፤ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ መስኮቱን አላየም። አውራ ጣቱን ልስኑና ብረቱ የሚገናኙበት ላይ አሳርፎ ዙሪያውን ቀስ እያለ ዳሰሰ። ከላይ ጀመረ፣ በጎን ወረደ፣ ከታች ጨረሰ። ሲሚንቶው ብረቱን ነክሶታል፤ የብረቱ እግሮች ወደ ግንቡ ገብተዋል። ከዚያ ዞር ብሎ «ይሄ ከወጣ ግድግዳው ይቆስላል። የግድግዳው ነው» አለ። ታናሽየው ምንም አልመለሰም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንቀጽ 1132ን ሳነብ የታየኝ ያ አውራ ጣት ነው። አንቀጹ ሁለት ነገር ይላል። በልማድ የአንድ ነገር ክፍል ተደርጎ የሚቆጠር ሁሉ የዚያ ነገር አካል ነው። ደግሞም ከአንድ ነገር ጋር የተያያዘና ያንን ነገር ሳያፈርሱ ወይም ሳያበላሹ መለየት የማይቻል ከሆነ የዚያው አካል ነው። ሁለተኛው የአባቴ መለኪያ ነው። አንደኛውም ትልቅ ነገር ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀውን ነገር ሕጉ ተቀብሎታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግቢዎ እንግባ።

በሮቹ፦ በር ማጠፊያው ተፈትቶ ግድግዳው ሳይቆስል ሊወጣ ይችላል። ግን በር የሌለው ክፍል ቤት ነው የሚል ሰው አዳማ ውስጥ አላውቅም። በልማድ በር የቤቱ ክፍል ነው። ሻጩ ሁለቱንም በሮች መመለስ ወይም ዋጋቸውን መክፈል አለበት። እዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

ኪችን ካቢኔቱ፦ ሴራሚኩ ረገፈ ብለዋል። በቃ፣ ራሱ መሰከረ። ግድግዳው ላይ በፊሸር ተመትቶ፣ ሴራሚኩ በዙሪያው ተለብዶ የተሠራ ካቢኔት ሲነቀል ቁስል ትቶ ሄዷል። የቤቱ አካል ነበር። እግር ኖሮት ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ቁምሳጥን ቢሆን ግን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ እሱ እንደ ሶፋ ነው፣ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ሮቶው፦ እህቴ፣ ሮቶ በሲሚንቶ አይጣበቅም። በክብደቱ ነው ማማው ላይ የሚቀመጠው። ባዶ ከሆነ ሁለት ጎረምሳ ያወርደዋል። ስለዚህ በአባቴ አውራ ጣት ብንለካው የቤቱ አካል ላይሆን ይችላል። ግን ሕጉ ሌላም በር ከፍቷል። አንቀጽ 1136 አንድ ባለንብረት ለአንድ ነገር መገልገያ እንዲሆን በቋሚነት የመደበው ዕቃ የዚያ ነገር ተጨማሪ ነው ይላል። አንቀጽ 1135 ደግሞ ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን በዋናው ነገር ላይ የተደረገ ውል ተጨማሪውንም ይጨምራል ይላል። ማማው የተበየደው ለሮቶው ነው። ቧንቧው ከማማው ወርዶ ወደ ኩሽናና ወደ ሻወር የገባው ለሮቶው ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ሮቶ ለቤቱ ጌጥ አይደለም፤ ቤቱ የሚኖረው በሱ ነው። ይሄ በቋሚነት ያልተመደበ ምን ሊመደብ ነው?

ሻጩ «ገና ሳልሸጥ ለማሳጠብ አውርጄው ነበር» ቢልዎት አይደንግጡ። አንቀጽ 1137 ለጊዜው የተለየ ዕቃ ተጨማሪነቱን አያጣም ይላል።

ቦይለሩ ከሮቶው ጋር አንድ ነው፤ እንዲያውም ይጠነክራል፣ ግድግዳው ላይ በብሎን ታስሮ ከቧንቧና ከመብራት ጋር ተገናኝቷልና።

ዲሹን ግን ይተዉት። ዲሽ ሰው ከቤት ወደ ቤት ይዞት ይዞራል። ተከራይም ያስገባል፣ ሲለቅም ይነቅላል። የሰፈሩ ልማድ የሚናገረው ለሻጩ ነው። መጋረጃውም እንደዚያው። የማይገባዎትን ጨምረው ከጠየቁ የሚገባዎትም ይደበዝዛል።

ማንጎው፦ ዛፍና ሰብል ከመሬት እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ አካል ናቸው፤ አንቀጽ 1133 ነው። ዛፎቹ የእናንተ ናቸው ማለት ነው። ሻጩ ለከሰል ነጋዴ «ቁረጣቸው» ብሎ ቀድሞ ተዋውሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ሊቆረጥ ውል የተገባበትን ዛፍ ሕጉ እንደ ተንቀሳቃሽ ያየዋል። የተለቀመውን ጥሬ ማንጎ በተመለከተ ምክሬ የሕግ አይደለም። ይተዉት። ዛፉ አለ፤ ለሚቀጥለው ወቅት ያፈራል።

አሁን ወደ ደላላው ጥያቄ። ውሉ ላይ ሮቶ የሚል አለ? የለም። ሻጩ ያንን እንደ መከላከያ ያየዋል። እኔ ግን ተገላቢጦሽ ነው የማየው። አንቀጽ 1135 የሚሠራው አጠራጣሪ ሲሆን ነው ብያለሁ። ውሉ «ሮቶው አይጨምርም» ቢል ኖሮ ጥርጣሬ አይኖርም፤ ሮቶው የሻጩ ነበር። ዝም ካለ ግን ዝምታው ለገዢው ይሠራል። ሊያስቀር የፈለገ ሻጭ ነው መጻፍ የነበረበት። በዚያ ላይ ሻጭ ዕቃውን ከነተጨማሪው ማስረከብ አለበት የሚል ግዴታ በሽያጭ ሕጉ አንቀጽ 2274 ላይ ተቀምጧል።

ምን ያድርጉ? ቤቱን ያዩ ቀን በስልክ ያነሱት ቪዲዮ ወይም ፎቶ ካለ ዛሬውኑ ሌላ ስልክ ላይ ይገልብጡት። ከሌለ የተከራይ፣ የጎረቤት፣ የቧንቧ ሠራተኛው ምስክርነት ይጠቅማል። የተቆረጠውን ቧንቧና የረገፈውን ሴራሚክ ሳይጠግኑ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ሽማግሌ ይላኩ፤ ከልቤ ነው የምለው። ለሻጩ በጽሑፍ ምን ምን እንደጎደለና ለመመለስ ስንት ቀን እንደተሰጠው ያሳውቁ። እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አለ።

እኔም የመጀመሪያ ቤቴን ስረከብ የበር እጀታዎቹ በሙሉ ተነቅለው ነበር። አሥራ አራት እጀታ። ማታ ማታ በር የምንዘጋው በጨርቅ እየወተፍን ነበር። የሕግ ሰው ሆኜ ውሉ ላይ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ ቤት ለሚገዛ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ወረቀት ይዘው ከሻጩ ጋር ክፍል ለክፍል ይዙሩ። «ይሄ ይቀራል፣ ይሄ ይሄዳል» እየተባለ ይጻፍ። ከውሉ ጋር አባሪ ይሁን፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ውሉን ውልና ማስረጃ ዘንድ ማድረጋችሁ ደስ ብሎኛል። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በአንቀጽ 1723 መሠረትም ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መሆን አለበት። ባለቤትነቱ የሚተላለፈው ደግሞ አንቀጽ 1185 እንደሚለው በመዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው፤ እኛ የስም ዝውውር የምንለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ወንበር የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ማንም «ካርታህን አምጣ» አይለውም። ቤት ውስጥ ግን ሠላሳ ዓመት ቢኖሩም መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። ያገቡ ሻጮች ደግሞ የጋራ ቤታቸውን አንዳቸው ብቻቸውን መሸጥ አይችሉም፤ የቤተሰብ ሕጉ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። የሻጩ ሚስት መፈረሟን አልነገሩኝም፤ እባክዎ ውሉን አውጥተው ይመልከቱ።

ጥያቄ

*እትዬ፣ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ግቢ ጥግ ላይ ኮንቴነር አስቀምጬ ነው የምሠራው። አሁን ግቢውን ሊሸጥ ነው። ገዢው «ኮንቴነሩም አብሮ የግቢው ነው» ይላል። ወለሉን ሲሚንቶ ያስደረግኩት፣ ትንሽ መጸዳጃም ያሠራሁት እኔ ነኝ። — የአዳማ ልጅ*

መልስ

ወንድሜ፣ ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የንፋስ ተርባይኖች በየቀኑ ታያቸዋለህ። እነሱ የመጡት ተፈታተው፣ ክንፋቸው በረጅም መኪና ተጭኖ ነው። ያኔ ተንቀሳቃሽ ነበሩ። ዛሬ ግን እግራቸው በኮንክሪት ተቀብሮ የኮረብታው ክፍል ሆነዋል። የሚያመነጩት መብራት ደግሞ በሕጋችን አንቀጽ 1129 ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ በሽቦ ሮጦ ሱቅህ ይገባል። አንድ ዕቃ ዛሬ ይሄ፣ ነገ ያ ሊሆን ይችላል ለማለት ነው።

ያንተ ኮንቴነር ግን እንደመጣ ነው ያለው። ክሬን ቢመጣ ብድግ አድርጎ ይወስደዋል፤ ኮንቴነሩም ኮንቴነር እንደሆነ ይቀራል። አንቀጽ 1127 ተንቀሳቃሽ የሚለው ይህንኑ ነው፦ መልኩን ሳያጣ ከቦታ ቦታ ሊወሰድ የሚችል። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ያንተ ነው። ተጨማሪ ነው ሊሉህም አይችሉም፤ ለግቢው መገልገያ የመደበው የግቢው ባለቤት አይደለም፣ አንተ ነህ ለራስህ ሥራ ያስቀመጥከው። ከአክስትህ ልጅ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ከሌላችሁ ግን ሽያጩ ሳይፈረም ዛሬ ማታ ተጻጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ «ኮንቴነሩ የእገሌ ነው» የሚል።

ወለሉና መጸዳጃው ያሳዝኑኛል። እነሱን ነቅለህ አትወስድም። ያወጣኸውን ወጪ ሽያጩ ከማለቁ በፊት ከአክስትህ ልጅ ጋር ተነጋገርበት። ገዢው ቤቱን የሚያየው ወለሉን ጨምሮ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ውስጥ ያንተም ላብ አለበት።

አንድ የምሥራች ልጨምርልህ። ብዙ ጊዜ «ቤት የለኝም፣ ምን አስይዤ እበደራለሁ» ትላላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ወንበሮችህና ማሽኖችህም ከሕግ አንጻር ሊያዙ የሚችሉ ንብረቶች ናቸው። ባንክህን ጠይቅ።

ጥያቄ

*ይህን የምጽፍላቸው ለእናቴ ነው። ከወንጂ መንገድ ዳር ከአንድ ገበሬ 200 ካሬ መሬት ገዝተዋል። ሦስት ሽማግሌ ፊት ወረቀት ተጽፏል፤ ገበሬው በጣቱ ፈርሟል። ግማሹ ተከፍሏል። እናቴ «መሬት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው፣ ማንም አይወስድብኝም» ይላሉ። ልክ ናቸው?*

መልስ

እናቴ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል። እያዘንኩ ነው የምጽፈው።

መሬት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው ያሉት ልክ ነው። ግን አይሸጥም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የገጠርም የከተማም መሬት በአዋጅ ከግለሰብ ባለቤትነት ወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው መሬቱን የማረስና የመጠቀም መብት አለው፤ ለልጁ ያወርሰዋል። የመሸጥ መብት ግን የለውም፤ የሌለውን ለእርስዎ ሊሰጥ አይችልም።

በየቀኑ «መሬቴ» እንላለን። «ቦታ ገዛሁ» እንላለን። እኔም እላለሁ። ከተማ ውስጥ ግን ሕጉ የሚያውቀው ሽያጭ የመሬቱን ሳይሆን የቤቱን ነው። ያው ሕገ መንግሥት ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬት ላይ የሠራው ቤትና ያደረገው ቋሚ ማሻሻያ የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል ይላል። ይዞታው ከቤቱ ጋር ተያይዞ ይተላለፋል፤ ሊዝ ከሆነ ደግሞ ዘመን አለው፣ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት። የእርስዎ ወረቀት ግን ባዶ መሬት ነው የሚለው። ነገ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ቢሠሩበት የጨረቃ ቤት ነው የሚባለው፤ ሊፈርስም ይችላል። ሲፈርስ ያየሁት ነገር ነውና አይገንቡ። አንድ ብሎኬት አያስጭኑ።

ቀሪውን ክፍያ አይክፈሉ። ሕግ የሚከለክለውን ነገር የያዘ ውል አይጸናም፤ ውል ሲፈርስ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ አንቀጽ 1815 ነው። ገንዘብዎን መጠየቂያ መንገድዎ ይህ ነው። ገበሬውን እንደ ሌባ አይዩት፤ ምናልባት እሱም የልጅ ሠርግ ወይም ሕመም ገጥሞት ይሆናል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ያጻፉትን ውል ራሳቸው ቢያስፈቱት ለሁላችሁም ይቀላል። መጀመሪያ እነሱ ጋ ይሂዱ።

ገበሬው ገንዘቡን በልቶት ከሆነ በየወሩ ወይም በመኸር እየከፈለ እንዲመልስ ይጻፍ፤ ብድር እንጂ ሽያጭ የሚል ቃል አይግባበት። ወረቀቱንም ለማንም አይስጡ። ልጅዎ ፎቶ አንስቶ ቢልክልኝ ጥሩ ነው፤ ለሽምግልናውም ሆነ ለፍርድ ቤቱ የሚያስፈልገው ግን ጣት ያረፈበት ዋናው ነው። እሱን በፌስታል ጠቅልለው ሳጥንዎ ሥር ያስቀምጡት።